አንድ ልጅ የጎደለበት መንደር

ስደተኛ ሁሉ ታሪኩን የሚጀምረው ከአገሩ ከወጣበት ሌሊት ነው። እኔ እንዲህ ያለ ሌሊት የለኝም። አውሮፕላኑ የሚነሳው በሌሊት ቢሆንም ያኔ ሰዓት እላፊ ስለነበር፣ ከቀራንዮ ተነስቼ ቦሌ ለመድረስ ፀሐይ ሳትጠልቅ መውጣት ነበረብኝ። ስለዚህ ከእናቴ የተለያየሁት ከሰዓት በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሰፈሩ ልጆች አጥራችን ላይ ተንጠልጥለው እያዩኝ ነው።

ጎረቤት ሁሉ መጥቶ ነበር። አንዳንዶቹ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ፤ እናቴ ይህን ስታይ ተቆጣች። «ምን ሆናችኋል? የሞተ ሰው የለም እኮ! ነጠላችሁን አስተካክሉ!» አለቻቸው። አስተካከሉ። ግን ገና አረፍ ከማለታቸው ለቅሶው ተጀመረ፤ እኔ ደግሞ ያን ያህል የምወደድ ሰው አልነበርኩም፤ ከአንደኛዋ ጋር እንዲያውም በአጥር ጉዳይ ተኳርፈን ነበር። ቆይቶ ነው ነገሩ የገባኝ። በዚያ ዓመት ልጆቻቸው የተገደሉባቸው እናቶች በአደባባይ ማልቀስ አይፈቀድላቸውም ነበር። ለሞተ ማልቀስ ያስጠይቃል፤ ለሚሄድ ሰው ማልቀስን ግን የከለከለ የለም። እኔን ምክንያት አድርገው ልጆቻቸውን አለቀሱ። እኔም አብሬ ባለቤቴን አለቀስኩ።

ባለቤቴ ታደሰ አናጢ ነበር። አንድ ጠዋት ቁርሱን ሳይጨርስ «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ብለው ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። ልጃችን ትዕግሥት ያኔ ገና መቆም እንኳ አልጀመረችም። እኔ ጦር ኃይሎች አካባቢ ጋራዥ የነበራቸው ጣሊያኖች ቤት እሠራ ነበር። ባልየው ሞተዋል፤ ጋራዡም ቤቱም ተወርሷል። ሚስቲቱ ሲኞራ ሊና ወደተወለዱበት መንደር ሊመለሱ ቆርጠው «ብቻዬን አልሄድም፣ አብረሽኝ ነይ» አሉኝ። የዕድሜያቸውን ግማሽ እኛ አገር የኖሩ ሴት ናቸው፤ አማርኛቸው ከብዙዎቻችን ይሻላል።

ለመውጣት መጀመሪያ ቀበሌውን ማሳመን ነበረብኝ። ሊቀመንበሩ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

«ለምንድን ነው የምትሄጂው?» አለኝ።

«ለሥራ ነው ጓድ ሊቀመንበር።»

«አብዮታዊት አገራችን ሰው ትፈልጋለች። አንቺ ስትወጪ ይህ ቀበሌ አንድ ሰው ይጎድልበታል። ይሄ አይታይሽም?»

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። «ጎረቤቴ ባለፈው ሳምንት መንታ ወልዳለች ጓድ። አንዱ በእኔ ቦታ ይያዝልኝ» አልኩት።

ጸሐፊው ሳቁን ለመደበቅ ያስነጠሰው መሰለ። ሊቀመንበሩ ግን ፍንክች አላለም፤ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠና ጠረጴዛውን ደበደበ። «መንታ ዛሬ ተወልዶ ነገ አያርስም፣ ነገ አይዘምትም! አንቺን ለማድረስ ስንት ዓመት ፈጅቷል?» ብሎ ጮኸብኝ። ስንመላለስ ከርመን በመጨረሻ የፈቀደልኝ ልጄ እንድትቀር ተስማምቼ ነው። እናት ትወጣለች፣ ልጅ ትቀመጣለች። እናቴም ቀርባ በጣቷ ፈረመች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የትዕግሥት አሳዳጊ እሷ ሆነች።

እንግዲህ በዚያ ከሰዓት በኋላ፣ ጎረቤቱ እያለቀሰ፣ እናቴ ደግሞ ድምፅ ሳታሰማ ስትንቀጠቀጥ ሳያት ምን ላድርግ? ትዕግሥትን ከጀርባዬ አውርጄ እቅፏ ውስጥ አስቀመጥኩና፣ በሽማግሌዎቹ ፊት «እንቺ፣ ያንቺ ናት፤ ሰጥቼሻለሁ» አልኳት። በእኛ ዘንድ የበኩር ልጅ ለአያት መስጠት ያለ ነው፤ ማንም አልገረመውም። ሽማግሌዎቹ «አሜን፣ ያሳድግላችሁ፣ ትጡራችሁ» ብለው መረቁ። እኔ ያልኩት እናቴን ለማጽናናት ነበር። እናቴም ተጽናናች፤ እንባዋን ጠርጋ ልጅቷን ቀና አድርጋ አዘለቻት። እኔ ባዶ ጀርባዬን ይዤ መኪና ውስጥ ገባሁ።

ጣሊያንኛ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ፌርማታ፣ ባኞ፣ ቤርጎ፣ ማኪና እያልን አድገን የለ! እዚያ ስደርስ የገባኝ በእነዚህ ቃላት አውቶቡስ መጠበቅ፣ መታጠብና ማደር እንደሚቻል፣ መኖር ግን እንደማይቻል ነው። ከሮም በባቡር፣ ከባቡር በአውቶቡስ፣ ከዚያ ጠመዝማዛ ዳገት ወጥተን የሲኞራ መንደር ስንደርስ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ቤቶቹ ሁሉ የድንጋይ ናቸው፣ ያማሩ፤ መስኮቶቻቸው ግን በሙሉ ተዘግተዋል። መንገድ ላይ አንድ ሰው የለም፤ አንዲት ድመት ብቻ ደረጃ ላይ ተኝታለች።

«ሰዎቹ ለቅሶ ሄደው ነው?» ብዬ ሲኞራን ጠየቅኳቸው።

ሲኞራ ሻንጣቸው ላይ ተቀመጡ። «ለቅሶስ አይደለም። እዚያ ያለው ቤት የነሉዊጂ ነው፤ አርጀንቲና ናቸው። ያኛው ቤልጅግ፣ ከሰል ማውጫ ሄዱ። እነዚህ ጀርመን። እኔ ራሴ የት እንደነበርኩ ታውቂያለሽ» አሉኝ። ከዚያ በአማርኛ «ምን አባቴ ላደርግ መጣሁ!» ብለው አለቀሱ። አገራቸው የገቡት እሳቸው፣ ከአገሬ የወጣሁት እኔ፤ አጽናኟ ግን እኔ ሆንኩ።

እናንተ ቀራንዮ ያላችሁ፣ ዝምታ ምን እንደሆነ አታውቁም ብል አትቀየሙኝ። እዚያ ሌሊት እንኳ ዝም አይልም፤ ውሻው፣ የጎረቤት ሕፃን፣ ጠጅ ቤት ያመሸ ሰው አለ። በሃያ ሰባት መድኃኔዓለም ስንሄድ ክርስትና የሚያስነሳው ሰው ሰልፍ አጥሩን ይዞራል። በዚህ መንደር በመጀመሪያው ዓመት ደወል ሲደወል «ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ ሁልጊዜ መልሱ አንድ ነበር፤ ሰው ሞቶ ነው። ክርስትና አልገጠመኝም። ሠርግም የለም። ሰላምታቸው ቡዋንጆርኖ ናት፣ አንዴ ትባላለች፣ አለቀ፤ ስለ እናትሽ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ጤናሽ የሚጠይቅ የለም። ፖሌንታ የሚሉት ምግብ አለ፤ ገንፎ ነው፣ መሃሉ ላይ ቅቤና በርበሬ ማፍሰስ የረሱት ገንፎ። ብርዱን ተዉት። የኛ ክረምት ጭቃ አለው፣ ነጎድጓድ አለው፣ ሰው ጣራ ሥር ተጠግቶ ያወራል። የዚህ ብርድ ድምፅ የለውም፤ ጉሙ በሩ ድረስ መጥቶ ይቆማል፣ አንቺም ከውስጥ ትቆሚያለሽ።

ያኖረችኝ ሲኞራ ሊና ነች ብል አልዋሸሁም። «ነች» ያልኳቸው በፍቅር ነው፤ በቁማቸው እንዲህ ብያቸው አላውቅም። ማታ ማታ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠን በአማርኛ የሰው ስም እናነሳ ነበር። «የጦር ኃይሎቹ ባለ ሱቅ፣ ያ ወፍራሙ፣ አገባ ይሆን?» ይሉኛል። ሽሮ ሲያምራቸው የደረቀ አተር ፈጭቼ እንደምንም አስመስዬ እሠራላቸዋለሁ፤ ቀምሰው «አልሆነም» ይሉና ጨርሰው ይበላሉ። የመንደሩ ሰው «አፍሪካዊቷ» የሚላቸው እሳቸውን ነበር፣ እኔን አይደለም። በስድስተኛው ክረምት ሳንባቸውን አመማቸው። «አይዞዎት» ስላቸው «አንቺም አይዞሽ» አሉኝ። ከእሳቸው ወዲህ በዚህ ተራራ ላይ በአማርኛ መልስ የሰጠኝ ሰው የለም። ብቻዬን ገበታ ላይ ስቀመጥ፣ እጄ አንዳንዴ ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ ማንም ይዘረጋል፤ ከዚያ መልሼ ራሴ እበላዋለሁ።

ቤታቸውን የወንድማቸው ልጅ ወረሰና ዘጋው። እኔ ግን ሥራ አላጣሁም፤ ሽማግሌ የሞላበት መንደር አስታማሚ አያባርርም። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየዞርኩ አጥባለሁ፣ አበስላለሁ፣ መድኃኒት አውጣለሁ። የማድርበት ብቻ ጠፋ። ሲኞር ብሩኖ የሚባል ሚስቱ የሞተችበት ሰውዬ ፎቁ ላይ ክፍል እንዳለው ሰማሁና ሄድኩ።

«ልጅ የለሽም?» ብሎ ጠየቀኝ።

አዲስ አበባ ክፍል የተከራየ ሰው ይህ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ቶሎ ብዬ «የለኝም! ብቻዬን ነኝ፣ ኮቴዬ እንኳ አይሰማም» አልኩት።

ፊቱ ወዲያው ጠቆረ። «እሱ ነው ችግሩ» አለ። «እኔ ከላይ ኮቴ መስማት ነው የፈለግሁት። ልጅ ያለው ሰው ቢመጣ ኪራዩን በግማሽ እተውለት ነበር።»

«ኧረ አለችኝ!» አልኩ።

«የት ነች?»

«አዲስ አበባ።»

«ታዲያ አምጫት!» አለ፣ ከጓሮ ጎመን ቀንጥሺ እንደማለት።

ብሩኖ አፉ አያርፍም። በማግስቱ ቡና ቤቱ ውስጥ አወራው፤ ከሰዓት በኋላ ሲንዳኮ የሚሉት የመንደሩ ሹም በራሱ እግር መጣ። ከኋላው ማኤስትራዋ፣ ማለት አስተማሪዋ፣ ለፈተና የተጠራች ተማሪ መስላ ተጨንቃ ቆማለች። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የመንደሩ ትምህርት ቤት አሥር ልጅ ካልሞላ ይዘጋል ተብሏል። ያሉት ዘጠኝ ናቸው። ከተዘጋ ሕፃናቱ በየቀኑ ሸለቆ ወርደው በአውቶቡስ ይመላለሳሉ፤ ወላጆቻቸውም ይሰለቹና ጠቅልለው ወደ ታች ይገባሉ። ከዚያ የሚቀረው ሽማግሌና ድመት ነው። «ሲኞራ አስናቀች፣ ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?» አለኝ ሹሙ።

«ሰባት ሊሞላት ነው።»

ማኤስትራዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሹሙ ኮፍያውን አወለቀ።

ከዚያ ቀን ወዲህ መንደሩ በሙሉ ልጄን ያረገዘ ይመስል ነበር። አይተዋት የማያውቁ አሮጊቶች ካልሲ ይሠሩላታል፤ ልኳን ስለማያውቁ አንዱ ለሕፃን፣ አንዱ ለኮረዳ ይሆናል። ብሩኖ አልጋ አስገባ። ዳቦ ቤት ስገባ «መቼ ነው?» ይሉኛል። እኔም ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ? ያን ሁሉ ዓመት ማንም ያልጠየቀኝን ልጅ ሰው ሁሉ በስሟ ይጠራት ጀመር፤ «ቲግስት» ይሏታል። ሌሊት ሌሊት ከአጠገቤ ያለውን ባዶ አልጋ እያየሁ፣ ስትመጣ ፀጉሯን እንዴት እንደምሠራት አስባለሁ። ልጄን ሁልጊዜ እፈልጋት ነበር፤ አሁን ግን ልትመጣ የምትችል መሰለኝና፣ መቻሉ ናፍቆቱን አባሰው።

ሹሙ ራሱ ወደ ታችኛው ከተማ ይዞኝ ወረደ። የፖሊሱ መሥሪያ ቤት ሹም ደግሞ ፊቱን አጥቁሮ ጠበቀን።

«አንድ የውጭ ሰው ገባ ስንል ሌላ ያስከትላል። ልጅቷ ለምንድን ነው የምትመጣው?» አለ።

«ለትምህርት» አለ የኛ ሹም።

«እዚያ ትምህርት ቤት የላቸውም?»

«አላቸው! እኛ ነን የሌለን!» ብሎ ሹሙ ጠረጴዛውን ደበደበ። ያን ጊዜ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ትዝ አለኝና ሳቄ መጣ። አንዱ አንድ ሰው ወጣብኝ ብሎ ጠረጴዛ ደበደበ፤ አንዱ አንድ ሰው ይግባልኝ ብሎ። ፈቃዱ ተገኘ። የቀረው ከአዲስ አበባ በኩል ነው፤ እዚያ ደግሞ አሳዳጊዋ እናቴ ናት፤ እሷ ቀርባ ካልለቀቀች ልጅቷ ንቅንቅ አትልም።

እናቴ ፊደል ስለማትቆጥር የምንገናኘው በካሴት ነው። ጎረቤት ቴፕ አለ፤ እሷ ታወራለች፣ ካሴቱ በሮም በኩል በሚመላለሱ አንዲት መነኩሲት እጅ ይመጣል። ልጅቷን ለመውሰድ ከመጠየቄ በፊት የደረሰኝን ካሴት ብዙ ጊዜ ስለሰማሁት ክሩ ሊበጠስ ነው። ከበስተጀርባ ዶሮ አለ፣ የሚሯሯጡ ልጆች አሉ፤ ለዚያ ድምፅ ስል ብቻ የምከፍተው ቀን አለ።

«አስኒ፣ ይሄ ነገር እየዞረ ነው ወይ?» ብላ ትጀምራለች። «ሁላችንም ደህና ነን። ግርማ ለእናት አገር ጥሪ ሄዷል፤ ደህና ነው። መስፍን ከብት ሊነግድ ወደ መተማ ሄዷል፤ እሱም ደህና ነው።» ግርማና መስፍን ታናናሽ ወንድሞቼ ናቸው። መስፍን በዕድሜው በግ እንኳ ገዝቶ አያውቅም፤ ሱዳን መግባቱ ወዲያው ገባኝ። ግርማ ያለበትን ደግሞ የሚነግራት አልነበረም።

ከዚያ ትቆጣለች። «ሕዝብ ቆጣሪ መጣብኝ። አንድ ጎረምሳ ነው፣ ቦርሳ ያንጠለጠለ። ስንት ልጅ አለዎት? ይለኛል። እግዚአብሔር የሰጠኝን ያህል አልኩት።» እናቴ ልጅ መቁጠር አትወድም፤ ዓይን ይገባዋል ትላለች። «አይ እማማ ቁጥሩን ይንገሩኝ አለኝ። እሺ ብዬ ስማችሁን አንድ በአንድ ጠራሁለት። ትናንት ማታ እዚህ ያደሩት የትኞቹ ናቸው? አለኝ። ምን አገባህ? አልኩት። እዚህ ያላደረ አይቆጠርም፣ ሕጉ ነው አለኝ። አልጋቸው እዚያው ነው፣ ግባና እይ አልኩት። ሰው ነው እንጂ አልጋ አልቆጥርም አለኝ! በስተርጅና እኔንና ሕፃኗን ብቻ ጽፎብኝ ሄደ። ከዚህ ግቢ ሁለት ሰው! የሞላ ቤት እንዳልነበረኝ!» ድምፅዋ ይቋረጣል፣ ቴፑ ጠፍቶ እንደገና ይበራል። «ደህና ነን» ትላለች።

ቀራንዮ እያለሁ በቀበሌ ስብሰባ ስለ ሕዝብ ብዛት ሲነሳ ካድሬው የሚያወራን ስለሚወለድና ስለሚሞት ብቻ ነበር። ስለሚሄድ ሰው አይነሳም፤ መሄድ ክህደት ነዋ። እኔም አገር የሚበዛው በመውለድ፣ የሚያንሰው በመሞት ብቻ ይመስለኝ ነበር። እዚህ መጥቼ ግን ጦርነት ያላጠፋው፣ ረሃብ ያልጨረሰው መንደር ባዶ ሲሆን አየሁ። ወጣቶቹ ሄዱ፣ በቃ። ሲሄዱም ብቻቸውን አልሄዱም፤ ገና ያልወለዷቸውን ልጆች፣ የልጆቻቸውንም ልጆች ይዘው ሄዱ። አርጀንቲና ውስጥ አንድ ቦታ የዚህ መንደር ልጆች ኳስ እያባረሩ ይሆናል። በእርግጥ ቀራንዮ እኔ ስለወጣሁ አላነሰችም፤ በየቀኑ ይወለድባታል፣ ከገጠርም ሰው ይገባባታል። የናቴ ግቢ ግን እንደዚህ መንደር ሆነ። ሄደን ያለቅነው ደግሞ ለመውለድ የደረስነው ነን። ሊቀመንበሩ ትክክል ነበር ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም እንጂ እኔም አንድ ሰው ብቻ ሆኜ አልወጣሁም።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ ካሴት ላይ «እማዬ፣ ትዕግሥትን ላኪልኝ» ያልኳት።

መልሱ ሲመጣ የእናቴ ድምፅ ቀዝቃዛ ነበር። «ሰጥተሽኛል። በሽማግሌ ፊት ሰጥተሽኛል፣ አሜን ተብሏል። አሁን ምን ትሆን ብለሽ ነው? ለትምህርት ቤታቸው መሙያ? የራሳቸው ልጆች የት ሄደው ነው?» አለችኝ። «ግርማን ወሰዱ፣ መስፍን ሄደ፣ አንቺ ሄድሽ። ይቺን ተዉልኝ።» ከዚያ ካሴቱ እስኪያልቅ ድረስ ዶሮውና ልጆቹ ብቻ ነበሩ፤ ቴፑን የሚያጠፋው ሰው ረስቶት ይሆናል። እኔ እስከመጨረሻው ሰማሁት። ካልሲ የሚሠሩትን አሮጊቶች ምን ልበላቸው? ይህን ዋጥ አድርጌ «ወረቀቱ ዘገየ» አልኳቸው። እናቴ ያለችውን ግን ልክድ አልችልም። እውነት ነዋ፤ ሰጥቻታለሁ። ያኔ አጽናንቷት የነበረው ነገር ውሸት ነበር ብዬ እንዴት ልንገራት? ልጄንስ እንዴት ልተዋት?

ሁለት ወር ያህል አለፈ። መነኩሲቷ አዲስ አበባ ደርሰው ሲመለሱ ካሴት አላመጡም። «እናትሽ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደውይ ብላለች፤ ኸይሩ ሱቅ ትጠብቅሻለች» አሉኝ። ኸይሩ ጦር ኃይሎች ሱቅ ያለው፣ ስልክ ያስገባ የሰፈራችን ሰው ነው። እናቴ በስልክ አውርታ አታውቅም፤ ሰው ካልሞተ ስልክ አይደወልም ባይ ናት። ስለዚህ እስከ እሑድ እህል አልቀመስኩም፤ ግርማ ነው፣ መስፍን ነው እያልኩ ከረምኩ።

እሑድ ሹሙ ጽሕፈት ቤቱን ከፍቶልኝ ከዚያ ደወልኩ። ኦፕሬተሯ ብዙ ካቆየችኝ በኋላ የኸይሩ ድምፅ መጣ። «አስናቀች! እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ? አይዞሽ፣ ሁሉም ደህና ነው፣ የሞተ የለም» አለኝ፣ የምፈራውን አውቆ። «ቆይ፣ ትንሿን ላገናኝሽ።»

«ሃሎ» አለች ልጄ። ድምፅዋን ከካሴት ሌላ ሰምቼው አላውቅም።

«ትዕግሥት፣ እናትሽ ነኝ።»

«አውቃለሁ። እማዬ ነግራኛለች።» እማዬ የምትላት እናቴን ነው። ከዚያ «እዚያ ልጆች አሉ?» አለችኝ።

«አሉ። ጥቂት ናቸው፤ አንቺን እየጠበቁ ነው።»

«እኛ ክፍል ዴስክ ላይ ለአራት ነው የምንቀመጠው። አንዷ ሁልጊዜ ትወድቃለች።»

«እዚህ ለብቻሽ ዴስክ አለሽ» አልኳት፣ ደስ እንዲላት።

«ለብቻዬ?» አለች። ደስ አላላትም። ፈራች።

ከዚያ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ፤ እናቴ መቀበያውን በየት በኩል እንደሚያዝ ኸይሩን ስትጠይቅ ይሰማኛል። «አስኒ?» አለች እየጮኸች። «ትሰሚያለሽ?»

«እሰማለሁ እማዬ። ምን ሆነሽ ነው?»

«ሐሙስ ቀበሌ ሄጄ ለቅቄያታለሁ። ፈርሜያለሁ። መነኩሲቷ ይዘዋት ይመጣሉ።»

ሹሙ ፊቴን አይቶ ወንበር አቀረበልኝ። «ለምን? አልሰጥም ብለሽ አልነበር?»

«ሳስበው ሳስበው ከረምኩ። ባልሰጥሽስ? ታድጋለች። ካደገች ትሄዳለች። እዚህ ያደገ ሁሉ እየሄደ አይደል? ግርማን ማን አስቀረልኝ? በኋላ ወደማታውቀው አገር ከምትሄድ፣ አሁን የሚጠብቃት ሰው እያለ ትሂድ።»

«እማዬ፣ አንቺስ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ? ቤቱ አለ፤ እኔም አለሁ» አለች። «ግን አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ። በኸይሩ ፊት ቃል ግቢልኝ።»

«ምን?»

«እዚያ ውለጂና አንድ ላኪልኝ። ወንድ ይሁን ሴት፣ ግድ የለኝም። ቤቱ እንዲህ ሆኖ አይቀርም አስኒ። ማሳደግ አያቅተኝም፣ ገና ጉልበት አለኝ።»

ሳቅኩ። የምትቀልድ መስሎኝ ነው፤ እናቴ እንደኔው ተጫዋች ናት። ከወዲያ ግን የሳቀ ሰው የለም። መስመሩ ላይ የእናቴ ትንፋሽ፣ የኸይሩ ሱቅ በር ሲከፈትና ሲዘጋ፣ የጦር ኃይሎች መኪና ጥሩምባ ይሰማኛል። ባል የለኝም፤ በዚህ መንደር የሚያገባኝም የሚያገባም የለም፤ ዕድሜዬም እየሄደ ነው። ይህን ሁሉ እሷም ታውቃለች። የሰጠችኝ ልጇን ነው፤ የምትጠብቀው መልሴን ነው።

«እሺ እማዬ» አልኳት።

«መቼ?» አለችኝ።